የጎመን ሒሳብ

31 ዓመት ሙሉ የሰው ገንዘብ ስቆጥር ኖሬ፣ አንድ ሳንቲም ሳይጎድልብኝ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በዚህ ስኮራ ኖሬ ኖሬ ባለፈው ሁዳዴ ጎመን ላይ ጎደልኩ። የጎደለውም ጥቂት አይደለም፤ አንድ ሙሉ ድስት ነው።

ነገሩ የጀመረው በቅድስት ሳምንት ነው። ሜሪላንድ ያለችው ልጃችን የመጀመሪያ ልጇን የምትገላገልበት ቀን ስለደረሰ እናቷ ልታርሳት ሄደች። የተፈቀደላት ሁለት ሻንጣ ነው፤ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። የሕፃን ልብስ ትይዛለች ብዬ ስጠብቅ ሻንጣው ውስጥ የገባው ምጥን ሽሮ፣ በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ድርቆሽና የገንፎ ዱቄት ሆነ። «ልብስ አሜሪካ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ሽሮ ነው» አለችኝ። በኋላ ልጄ በምስጢር እንደነገረችኝ ሽሮም አይጠፋም፤ ሰፈራቸው ያለው የሐበሻ ሱቅ እስከ ጤና አዳም ድረስ ይሸጣል። ይህን ለእናቷ የሚነግር ጀግና ግን እስካሁን አልተገኘም።

ለእኔ የቀረልኝ ወጥ ቤት መደርደሪያው ላይ የተሰለፉት ዕቃዎች ናቸው። 14 ናቸው፤ ቆጥሬያቸዋለሁ። አንዱም ላይ ጽሑፍ የለም። «የቱ ምን እንደሆነ በምን ልወቅ?» ስላት «ከፍተህ አሽትተው» ብላኝ ታክሲዋ ውስጥ ገባች።

እውነቱን ለመናገር፣ ጾም ለእኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የመቀነስ ሒሳብ ነበር። ከፍስኩ ላይ ሥጋው፣ ቅቤው፣ እንቁላሉ፣ ወተቱ ይቀነሳል፤ የሚተርፈው ቀሪ የጾም ምግብ ይባላል። በ55ቱ ቀን የሚቀርብልኝን ሁሉ ስበላ የኖርኩት ፋሲካን እያሰብኩ እንጂ ትሪውን እያየሁ አልነበረም። ትሪውን ማየት የጀመርኩት ባዶውን ሲቀርብልኝ ነው፤ አቅራቢውም እኔው።

በመጀመሪያው ቀን ሽሮ ልሥራ አልኩ። ሽሮ ማንን ያቅተዋል? ተማሪ ሳለን በአንዲት ስቶቭና በአንዲት የቆርቆሮ ድስት ስንሠራው ነበር። ሽንኩርት ከተፍኩ፣ ዘይት አፈሰስኩ፣ በርበሬ ጨመርኩ፣ ውሃ ከለስኩ፣ ሲፈላ ከሦስተኛው ዕቃ ዱቄቱን በማንኪያ እየዛቅሁ ነሰነስኩ። ገና ሦስተኛውን ማንኪያ ሳልጨርስ ወጡ ቀጥ አለ። ማማሰያውን ብለቀው ብቻውን ቆሞ ቀረ። ውሃ ጨመርኩለት፤ ውሃውን ጠጣና መልሶ ቆመ። ቀለሙ የወጥ፣ ጠባዩ የገንፎ የሆነ ነገር ተገኘ። ለካ ከፍቼ ያላሸተትኩት ሦስተኛው ዕቃ በሶ ኖሯል። ለግቢው ውሻ አቀረብኩለት። አሸተተው፤ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ሄደ። ያ ውሻ እስከ ዛሬ ድረስ እንደ ድሮው አያየኝም።

ያን ሰሞን ዳቦ በቲማቲም ስበላ ሰነበትኩ። ልጄ በሰላም ተገላገለች ተብሎ እልል ካልን በኋላ፣ ምኩራብ ሲገባ፣ ፈራ ተባ እያልኩ የወጡን ነገር ለባለቤቴ አነሣሁባት። እኛ ጋ ሰባት ሰዓት ሲሆን እዚያ ገና ጎህ ሊቀድ ነው፤ ሕፃኑ ስለማያስተኛት ሁልጊዜ ነቅታ ነው የማገኛት። የምስር ወጥ ልታሠራኝ ተስማማች። ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ ካሜራውን ወደ ድስቱ አዞርኩ።

«ሽንኩርት ከተፍክ?»

«ከተፍኩ።»

«ስንት ራስ?»

«ሁለት።»

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ። ለግማሽ ኪሎ ምስር ሁለት ራስ ሽንኩርት?»

«ማጣፈጫ አይደለም እንዴ?»

«ማን ነው እንዲህ ያለህ? በጾም ወጥ ሽንኩርት ማጣፈጫ አይደለም። ሥጋው እሱ ነው። ስድስት ጨምርበት።»

ስምንት ራስ ሽንኩርት የከተፈ ሰው ምን ዓይነት ፊት እንደሚኖረው የሚያውቅ ያውቀዋል። ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል አይታኝ ከአሜሪካ ክፉ ወሬ የመጣ መስሏት «ምነው ጋሼ፣ በደህና?» አለችኝ። ሽንኩርቱን ድስት ውስጥ አድርጌ ዘይቱን ላንቆረቁር ጠርሙሱን ሳነሣ ከሜሪላንድ ጩኸት መጣ። «አስቀምጥ! ማን ዘይት አለህ?»

ሽንኩርት መጀመሪያ ብቻውን ነው የሚበስለው፤ ያለ ዘይት፣ ያለ ውሃ፣ በዝግታ እሳት። ይህን 36 ዓመት በትዳር ስኖር አላውቅም ነበር። መጀመሪያ የራሱን ውሃ ይተፋና ድስቱ ውስጥ ይንፋፋል፤ ቀጥሎ ውሃው ይሄድና ድምፁ ይለወጣል፤ ከዚያ ይለሰልሳል፣ ይሟሽሻል፣ ጠርዙ ወደ ወርቅማ ይሄዳል። አልፎ አልፎ ከሥር ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ ታደርግለትና ታማስለዋለህ። ሽንኩርት ውስጥ የተደበቀው ስኳር የሚወጣው በዚህ ጊዜ ነው። አንድ ሰው ቆሞ ማማሰል አለበት፤ ቴሌቪዥን ማየት፣ ስልክ መነካካት፣ ሽንት ቤት መሄድ አይቻልም። ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ጠየቅኋት።

«እስኪበቃው።»

«ሰዓቱን ንገሪኝ እንጂ።»

«ሲበቃው ይነግርሃል።»

ይህ «እስኪበቃው» የሚባል መለኪያ ነው ዋናው ጠላቴ። ጨው ስንት? እስኪበቃው። በርበሬ? እስኪበቃው። ውሃ? እሱን ደግሞ እያየህ። ለመሆኑ አንድ «እስኪበቃው» ስንት ግራም ነው? በዚህ መለኪያ የሚሠራ መሥሪያ ቤት ቢኖር በሦስት ወሩ ይዘጋ ነበር። ሆኖም በዚሁ መለኪያ ስትሠራ ቤታችን አንድ ቀን እንኳ ወጥ ጎድሎ ወይም ጨው በዝቶ አላየሁም። ስለዚህ ዝም ብዬ አማሰልኩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ፤ ጾም ባይሆን ኖሮ እሱን ምሳሌ ጮክ ብዬ እናገረው ነበር።

ሽንኩርቱ ሲበቃው፣ እውነትም ነገረኝ። ሽታው ዓይን የሚያቃጥለውን ትቶ የሚያስጎመጅ ሆነ። ያኔ ዘይት። ቀጥሎ በርበሬ፤ በርበሬው እንዳያርር ውሃ ጠብ፣ ማማሰል፣ ደግሞ ጠብ። ጥሬው የበርበሬ ሽታ ሄዶ ዘይቱ በድስቱ ዳር ቀይ ሆኖ ብቅ ሲል ባለቤቴ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ «እሷ ናት ቁሌት» አለች። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ የገቡት በዚህ መሐል ነው። ምስሩ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ የታጠበው ምስር፣ በመጨረሻ ከሞቀ ውሃ ጋር ገባ። ጨውና መከለሻው ደግሞ ሊወጣ ሲል።

ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ሥጋ ይቅር ባይ ነው። ቁሌቱ ጥሬ ቢሆን፣ በርበሬው ቢያርር፣ መሐሉ ላይ የዶሮ እግርና የተላጠ እንቁላል ከተቀመጠ እንግዳው «እሰይ!» ይላል። ሥጋ የሠሪውን ጉድ ይሸፍናል። ምስር ግን ምንም አይሸፍንም፤ ሽንኩርቱ ሳይበስል ከቀረ ይናገራል፣ ዘይቱ ከበዛ ይናገራል፣ ቸኩለህ እንደሆነ በመጀመሪያው ጉርሻ ያሳብቅብሃል። ሰነፍ ሰው ሥጋ ይሥራ፤ አትክልትና ጥራጥሬ ለትጉህ ነው። እኛ ወንዶች ደግሞ በሕይወታችን አንዴ ድስት የምንነካው ጥብስ ስንጠብስ ነው፤ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ስናወራው እንኖራለን።

ሌላም ችግር አለ። ጾመኛ እየቀመሰ አይሠራም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፌ ምንም ካልነካ የጨዉን ነገር በምን ላውቅ ነው? ባለቤቴን ብጠይቃት «እንፋሎቱ ይነግረኛል፤ ጨው የጎደለው ወጥ እንፋሎቱ ባዶ ነው» አለችኝ። እንፋሎቱን አሸተትኩ። ለእኔ ምንም አልነገረኝም። ስለዚህ የውጭ ኦዲተር ቀጠርኩ። የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ ሰባት ዓመት ስላልሞላት ገና ጾም አልጀመረችም። በጭልፋ ጫፍ አቀመስኳትና ለድካሟ አንድ ከረሜላ ሰጠኋት።

«ይጣፍጣል» አለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስቀምሰው ወጡ ጨው የሚባል ነገር አላየም። በማግሥቱ ሽሮ አቀመስኳት፤ «ይጣፍጣል»፤ እሱ ደግሞ ጨው ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን ነገሩን ስመረምር ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ተገኘ። ከረሜላውን የምሰጣት ከፍርዱ በኋላ ስለሆነ ልጅቷ ከረሜላውን የሚያስቀር ቃል ለምን ትናገራለች? ኦዲተር የሚከፍለው ተመርማሪው ሲሆን ምን እንደሚመጣ 31 ዓመት ያየሁ ሰው በራሴ ወጥ ቤት ተሸወድኩ።

የመጻጉዕ ሳምንት በአልጋ ላይ አለፈ። ትንሽ ሲሳካ ሰው ይደፍራል አይደል? ቦሎቄ በድንችና በቲማቲም ልሠራ ተነሣሁ። ቦሎቄ አዳሩን መዘፍዘፍ አለበት፤ እኔ ጠዋት አሰብኩት። ድስቱ ገና አንድ ሰዓት እንደፈላ መብራት ጠፋ። ከሰል የለኝም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ርቦኛል፤ ቦሎቄው ሲነከስ ትንሽ ጠንከር ቢልም «ጥርስ ለምን ተፈጠረ?» ብዬ በላሁት። በደንብ ያልበሰለ ቦሎቄ፣ በተለይ ቀዩ፣ ሆድ የሚያናውጥ ነገር በውስጡ አለው፤ የሚጠፋውም ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ በደንብ ሲንተከተክ ነው። ይህን ያነበብኩት ሆዴን ይዤ ተጋድሜ ሳለሁ ነው። ሳምንቱ በገባበት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲነበብ አልጋውን ተሸክሞ ስለሄደው ሰው ሰምቼ ነበር። እኔን ግን አልጋው ተሸከመኝ።

ደብረ ዘይት ላይ ከአሜሪካ የመጣው ወሬ አልጋዬን አስለቀቀኝ። የልጄ የሥራ ባልደረባ አራስ ልትጠይቅ መጥታ ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም አልበላም አለቻቸው። ቪጋን ናት። ባለቤቴ ደስ አላት፤ ጾመኛ መሰለቻት። ቀጥሎ የሆነውን ልጄ በስልክ ስትነግረኝ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነበር።

«ስንት ቀን ነው የምትጾመው?»

«ሁልጊዜ ነው እማዬ።»

«ረቡዕና ዓርብ ብቻ አይደለም?»

«በየቀኑ።»

«የፋሲካ ዕለትም?»

«የፋሲካ ዕለትም።»

ባለቤቴ እንግዳዋን አንጀቷ እየተላወሰ አየቻትና በአማርኛ «ውይ፣ ይቺ ልጅ ምን ብትበድል ነው ንስሐ አባቷ እንዲህ ያለ ቀኖና የሰጧት?» አለች። ከዚያ ማዕዱ ቀረበ፤ ምስር፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ሽሮ። ቀኖና የተሰጣት እንግዳ ሦስት ጊዜ አስጨመረች። አሠራሩን ልጻፈው ብላ እስክሪብቶ ስታወጣ የተሰጣትን መለኪያ መገመት አያቅታችሁም። «እስኪበቃው»ን ወደ እንግሊዝኛ እንዴት እንደተረጎመችላት ልጄን ጠየቅኋት። ተወው አለችኝ።

እንግዳዋ ግን አንድ ነገር ጠይቃ ነበር፦ ሥጋ ሳትበሉ ጉልበት ከየት ታመጣላችሁ? መልሱ ትሪው ላይ ነው። ጤፍን ጨምሮ እህል ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ምስር፣ ሽምብራ፣ አተር ደግሞ እሱ ሞልቶ ተርፏቸው ሜታዮኒን የተባለው ያንሳቸዋል። እንጀራና ሽሮ ሲገናኙ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላል። በእኛ ሙያ ይህ ሒሳብ ማጣጣት ይባላል። አጠገቡ የሚቀመጠው የቲማቲም ሰላጣና ቃሪያ እንኳ ለጌጥ አይደለም፤ ቫይታሚን ሲው የምስሩን ብረት ሰውነት እንዲወስደው ያግዛል። እናቶቻችን ይህን ሁሉ ያመጣጠኑት ላይሲን የሚባል ስም ሳይሰሙ ነው፤ በ«እስኪበቃው»።

እዚህ ላይ ስለ በያይነቱ የያዝኩትን ቅያሜ ልናገር። አንዳንድ ምግብ ቤት ስትሄዱ 12 ዓይነት ይቀርባል፤ እያንዳንዱ አውራ ጣት ያክላል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ዘይት፣ አንድ ዓይነት ጨው ይላል። ርዕሱ የበዛ፣ ገንዘብ የሌለው በጀት ነው። እኔ አንድ ድስት በደንብ የተሠራ ነገር ይበቃኛል። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ሽምብራ ዓሣን ነው የማደንቀው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም እየተባለ ስንት ዘመን ሲከራከሩ እናቶች የሽምብራ ዱቄት አቡክተው፣ በዓሣ ቅርጽ ቆርጠው፣ ጠብሰው፣ ቁሌት ውስጥ ዋና አስጀመሩት። ክርክሩም ይቀጥል፣ እኛም እንብላ። እኔም በገብር ኄር ሳምንት ሞከርኩት። የሠራሁት ዓሣ ቅርጹ ጉማሬ መሰለኝ፤ ግን ተበላ።

እንግዲህ ወደ ጎመኑ።

በኒቆዲሞስ ሳምንት፣ ቅዳሜ ማታ፣ ሦስት የድሮ ባልደረቦቼን ራት ጋበዝኩ። ሦስቱም የሒሳብ ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ኦዲት ክፍል ነበር። ዋናው ምግብ ጎመን እንዲሆን ወሰንኩ፤ ምስር ከጎኑ። ለባለቤቴ ስነግራት «ለአራት ሰው ነው? አምስት እስር ግዛ» አለች። አትክልት ተራ ልሂድ ስላት ሳቀችብኝ። ለመጨረሻ ጊዜ የሄድኩት ፒያሳ ሳለ ነው፤ በ2012 በኮሮና ሰበብ ወደ ጃንሜዳ እንደተዛወረ ሰምቻለሁ። «ከጃንሜዳም ከተነሣ ስንት ዓመቱ፤ ኃይሌ ጋርመንት ነው ያለው። አንተ እዚያው ጉሊቷ ጋ ግዛ።»

ጉሊቷ ባለቤቴ ያለችውን ቃል በቃል ደገመች፤ እንዲያውም አንድ ጨመረችበት። «ለአራት ሰው ከሆነ ስድስት ይውሰዱ አባቴ፤ ጎመን እኮ ይከዳል።» ነጋዴ ምን ትበል? መሸጥ ነው ሥራዋ። ሁለት እስር አነሣሁ። ሁለቱን ስታቀፋቸው ደረቴን ሞልተው አገጬን ነኩኝ። ባለቤቴ ማዶ የልጅ ልጇን አቅፋ ትዞራለች፣ እኔ እዚህ ጎመን አቅፌ እዞራለሁ። ከዚህ በላይ ማን ይበላል? ይተርፋል እንኳ አልኩ። ለማሟያ ድንች፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን ጨመርኩበት፤ በኋላ ያዳነኝ ይህ ማሟያ ነው።

ስለዚህ ጎመን ትንሽ ልኩራ። የሐበሻ ጎመን ከደጋችን የበቀለ የአገር ልጅ ነው፤ ፈረንጆቹ የኢትዮጵያ ሰናፍጭ የሚሉት እሱን ነው። ፍሬው ጎመን ዘር ነው፤ ምጣድ የምናስስበት። የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 ከዚሁ ዘር ዝርያ ዘይት የተሠራ ነዳጅ ብቻ ሞልቶ አንድ ጄት አውሮፕላን አብርሯል። አውሮፕላን ያነሣ ጎመን አራት ሽማግሌ ሊያጠግብ አይችልም ብዬ እንዴት ልገምት?

ቅጠሉን ከአገዳው ለይቼ፣ ሦስት ውሃ አጥቤ፣ ሲጋራ እንደሚጠቀለል ጠቅልዬ በቀጭኑ ከተፍኩት። ድስቱ አልበቃ አለ። ሁለተኛ ድስት አመጣሁ፤ እሱም ሞልቶ ክዳኑ ተንሳፈፈ። በኩራት ፎቶ አንሥቼ ሜሪላንድ ላክሁ። መልስ አልመጣም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ክዳኑ በገዛ ራሱ ወርዶ ቁጭ አለ። ከፍቼ ባይ ጎመኑ ከድስቱ ግማሽ ወርዷል። እንደገና ከፍቼ ባይ ሩብ። የቀቀልኩትን ሁለቱንም ድስት አንድ ላይ አጥልዬ፣ ሲቀዘቅዝልኝ በእጄ ጨመቅሁት። ሁለት ጭብጥ ሆነ። ሁለት! ደግሜ ቆጠርኩ። ዘጠና በመቶ ግድም ውሃ የሆነን ነገር በንብረትነት መዝግቤ ኖሯል። ያኔ ነው ከባለቤቴ መልስ የመጣው፤ የሚስቅ ፊት ብቻ፣ አምስት ጊዜ። ለየእስሩ አንድ መሆኑ ነው።

እንግዶቹ ሊደርሱ አንድ ሰዓት ተኩል ቀርቷል። ምስሩ አልቆ ተከድኗል፤ በምስር እንኳ ካሁን ወዲያ አልታማም። ለቀረው ድንቹን መላጥ ጀመርኩ። ድንች የእኛ አይመስላችሁም? ነው ብዬ ነበር የኖርኩት። ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ ነው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1858 ወደ አገራችን ያስገባው። በርበሬው ራሱ፣ ያለሱ ወጥ የማናውቀው በርበሬ፣ ዘሩ ከወደ ሜክሲኮ ነው። እንግዶች ናቸው ባለቤት ሆነው የቀሩት፤ የአገሬው ልጅ ጎመን ጭብጥ ሲያክል ያደሩበትን ቤት ያቆሙት እነሱ ናቸው። ሽንኩርቱን ያለ በርበሬ፣ በእርድ አበሰልኩ። መጀመሪያ ካሮቱ ይገባል፣ እሱ ግትር ነው፤ ለስለስ ሲል ድንቹ፤ ጥቅል ጎመኑ መጨረሻ፣ በራሱ ውሃ ስለሚበስል ብዙ ውሃ አይፈልግም። ድሮ ይህን ቅደም ተከተል ባላውቅ ሁሉንም አንድ ላይ ጨምሬ ካሮቱ ድንጋይ፣ ድንቹ ጭቃ በሆነ ነበር። ቃሪያውን ሰንጥቄ ከላይ ጣል አደረግሁና ክዳኑን ገጠምኩ። ቅዳሜ ስለሆነ ራሴ መቅመስ እችል ነበር፤ ቀመስኩም። የራሴን ሒሳብ ራሴ መመርመሬ ደንብ አይፈቅድም፤ ግን ጣፈጠኝ።

መጡ። እጅ አስታጠብኩ፣ ትሪው ቀረበ። ምስሩ ቀይ ሆኖ ዘይቱ ዳር ዳሩን ወጥቶ፣ አልጫው ቢጫ ሆኖ ክምር ብሎ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ጎመኑ። ትልቁ እንግዳችን ማዕዱን ባረኩ፤ ስለ ዘመኑ፣ ስለ ኑሮው፣ ስለ ጡረታው ጥቂት ከተከዙ በኋላ እጃቸውን ሊሰዱ ሲሉ፣

«ይሁን፣ ተመስገን ነው። ጎመን በጤና» አሉ።

የኦዲቱ ሰውዬ ትሪውን ዞሮ ዞሮ አየ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፤ መልሶ አጠለቀው።

«ጤናውስ አለ» አለ፤ «ጎመኑ የታል?»

ሳቁ እስኪበርድ ድረስ ምስሩ ቀዝቅዞ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ወሬ ጠፋ፤ የሚሰማው የእንጀራ መቆረስና የማላመጥ ድምፅ ብቻ ሆነ። አልጫው መጀመሪያ አለቀ። ምስሩን ሁለት ጊዜ አስጨመሩኝ። የኦዲቱ ሰውዬ ከሥሩ የራሰውን እንጀራ እያነሣ «ይህንንስ ማን ሠራው?» ሲል እኔ ነኝ ብለው አላመነኝም፤ ጎረቤት አሠርተህ ነው አለ። ማስረጃ አምጣ ቢለኝ ስምንት ራስ ሽንኩርት የከተፈ ዓይኔን አሳየሁት።

እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ዕቃ ላጥብ ስዘጋጅ ኦዲተሬ በር ላይ ቆማለች። ልማድ ሆኖብኝ እጄን ለከረሜላው ወደ ኪሴ ሰደድኩ። እሷ ግን ዓይኗ ያለው የምስሩ ድስት ላይ ነው፤ ከሥሩ ቀዩ ቁሌት ደርቆ እንደተጣበቀ ነው ያለው።

«ጋሼ፣ ከረሜላው ይቅር» አለች። «ድስቱን ልጥረግ?»

ግማሽ እንጀራ ቆርሼ ሰጠኋት። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ድስቱን በጉልበቶቿ መሐል ያዘችው። ስትመልስልኝ መታጠብ አላስፈለገውም።